የተሰረቁት ጭረቶች

ወንጀሉ የታወቀው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ሽማግሌው ክላሪ ዱፊልድ እንደ ልማዳቸው የሻይ ኩባያቸውን ይዘው ሰማያዊዋ ሆልደን መኪናቸው ወደምታድርበት የቆርቆሮ መጋዘን ገቡ። እንደ ልማዳቸው የመኪናዋን የኋላ ግራ በር በመዳፋቸው ዳበሱ። ከዚያ ኩባያው ከእጃቸው ወደቀ።

ክላሪ ፖሊስ ጋ ደውለው አያውቁም። ጎርፍ ሰፈራቸውን ሲጠርገው አልደወሉም። እባብ ሲነድፋቸውም አልደወሉም፤ እንዲያውም እባቡን ይቅርታ አስጠይቀው ነው የለቀቁት ይባላል። ያን ቀን ግን ደወሉ።

«ሌባ ገብቶብኛል።»

«ምን ወሰደ፣ አባት?» አለ ስልኩን ያነሳው ወጣት ፖሊስ።

«ጭረቴን።»

«ምንዎን?»

«የመኪናዬን ጭረት! ጆሮ የለህም? በሩ ላይ የነበሩት ጭረቶች በሙሉ የሉም። እንደ ሕፃን ቂጥ ለስልሷል!»

ወጣቱ ቀፎውን በመዳፉ ሸፍኖ ሳቀና ተመለሰ። «ይሄማ ሌባ ሳይሆን መልአክ ነው። ሲያዝ ወደ እኔም ይላኩት፤ የእኔ መኪና ጭረት አላት።»

«የኩዊልቲን ልጅ አምጣልኝ» አሉ ክላሪ። ስልኩ ጆሮ እስኪያም ተዘጋ።

የኩዊልቲ ልጅ ማለት መርማሪ ሳጅን ሎሬይን ኩዊልቲ ናት። ነገሩ ሲነገራት ቢሮው ሁሉ ሲስቅ እሷ አልሳቀችም። የመኪናዋን ቁልፍ አንስታ ወጣች። ክላሪ ወደሚኖሩባት ከተማ፣ ወደ ቢንዳሪ፣ የሚወስደው ቀይ አቧራ መንገድ ላይ ሙቀቱ የጉድ ነበር፤ የገዛ መኪናዋ ጥላ እንኳ ፀሐይ ፈርቶ ከመኪናዋ ስር ንቅንቅ አላለም።

ክላሪ መጋዘኑ በር ላይ በተገለበጠ ባልዲ ተቀምጠው ጠበቋት።

«አረጀሽ፣ ሎሪ።»

«እርስዎም ወጣት አልሆኑም፣ አጎቴ ክላሪ። ያሳዩኝ።»

ሆልደኗ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ አቧራ ለብሳለች። የኋላው ግራ በር ብቻ ጠዋት ፊቱን እንደታጠበ ተማሪ ይስቃል። ሎሬይን በጨለማው መጋዘን ውስጥ ተንበርክካ መዳፏን አሳለፈችበት። ምንም የለም። ልስልስ ነው። በሩ ላይ ጥቂት ጉንዳኖች ሲመላለሱ አየችና እፍ ብላ አባረረቻቸው።

ልቧ ግን ከበሩ አልተነሳም። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት የእሷም አባት፣ ክላሪም በግ ሸላቾች ነበሩ። ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው እርሻ ድንኳን ተሸክሞ መዞር ነው፤ ቤት የለ፣ መቃን የለ፣ ግድግዳ የለ። ታዲያ ሌሎች ልጆች ቁመታቸው መቃን ላይ ሲለካ የሸላች ልጆች የት ይለኩ? ክላሪ መላ አገኙ። በየዓመቱ የመጨረሻው በግ ተሸልቶ ሲያበቃ ልጆቹን እየጠሩ መኪናቸው በር ላይ ያስደግፉና «ተረከዝ መሬት!» ብለው እየጮሁ በቁልፋቸው በልጁ አናት ልክ ጭረት ይጭሩ ነበር። ፊደል ስለማይቆጥሩ ለእያንዳንዱ ልጅ ምልክት ሰጡት። የሎሬይን የወፍ እግር ነበረች። የገዛ ልጃቸው የኤልሲ ደግሞ ዓሣ። ኤልሲ በተረከዟ መቆም አይሆንላትም፤ ሁልጊዜ ተንጠራርታ ከሎሬይን በአንድ ጣት ትበልጣለች።

ኤልሲን ወንዙ ሲሞላ ጎርፍ ወሰዳት። ድንኳኑንም፣ ልብሷንም፣ ፎቶዎቿንም አብሮ ወሰደ። ከፍ ካለው ቦታ ላይ ቆማ የቀረችው ሆልደኗ ብቻ ነበረች።

«ከእሷ የቀረኝ ይሄ ነበር» አሉ ክላሪ በሩን ሳያዩ። «ዓሣዋ። ጠዋት ጠዋት እዳብሳታለሁ፤ እንደምን አደርሽ እላታለሁ። አሁን ማንን ልበል?»

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

«መጠርጠር አያስፈልገኝም፤ አውቃለሁ። የራሴ ልጅ ነው። ዳርሲ። ‹አባዬ ይቺን መኪና እናሳምራት፣ አባዬ ቀለም እናስቀባት› ሲል ነው የከረመው። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፊቴ ቆሞ ካላመነ ሻንጣውን ይዞ ከቤቴ ይውጣ። ልጅ አልነበረኝም እላለሁ።»

«አጎቴ ክላሪ፣ ዳርሲ ጭረቱ ምን እንደሆነ ያውቃል?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ደጅ አዞሩ። ዳርሲ የተወለደው ከጎርፉ በኋላ ነው፤ እህት እንደነበረችው ያውቃል፣ ስሟ ግን በዚያ ቤት ተጠርቶ አያውቅም።

«አንቺ ሌባ ያዢ» አሉ በመጨረሻ። «ቄስ አልጠራሁም።»

ዳርሲን ያገኘችው ከከተማው ወጣ ብሎ መንገድ በሚደለድልበት ቦታ ነው። ግሬደሩን አቁሞ ትልቁ ምላጭ ላይ ቋሊማ ይጠብሳል። እሳት የለም፣ ክሰል የለም፤ ፀሐይ ብቻ። ስቡ ብረቱ ላይ እየቀለጠ እንደ ጅረት ይወርዳል።

«ብዪ፣ ሎሪ። ትናንት ማታ ክለብ በወጣው የስጋ ዕጣ የደረሰኝ ነው።»

«ትናንት ማታ ሙሉ ክለብ ነበርክ?»

«እስኪዘጋ። ግማሹ ከተማ አይቶኛል፤ ሌላው ግማሽ ሰክሮ ነበር። ምነው፣ ሽማግሌው ከሰሰኝ?» ቋሊማውን በጣቱ ገለበጠና ተቃጠለ፤ ጣቱን ጠባ። «እኔ አልነካሁትም። ጠዋት እንደ እብድ ሲጮህብኝ ነው የሰማሁት።»

«ልታስቀባት ነበር ግን።»

ዳርሲ ግራና ቀኙን አየ፤ በዚያ ሜዳ የሚሰማው አንድ ካንጋሮ ብቻ ነው። «ሰኞ የአባዬ ልደት ነው። እሱ እህቱ ጋ ምሳ ሲሄድ መኪናዋን ቪንስ ጋ ልወስዳት ነበር። ሲመለስ እንደ አዲስ ሆና ትጠብቀው ብዬ። ከእሱ በቀር ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

«ያንን በር ለምን ጠላኸው?»

«እኔ? እሱ ነው እንጂ! ከልጅነቴ ጀምሮ አያለሁ፤ በየጠዋቱ እየደባበሰ ራሱን ይነቀንቃል። ዓይኑ እንባ ያቀርራል። አንዱ ዱርዬ ጭሮበት እስከ ዛሬ ይቆጨዋል ብዬ ነዋ!» የተቃጠለ ጣቱን አየ። «አንድ ጊዜ እንኳ እኔን እንደዚያ በር አላየኝም፣ ሎሪ። ከተስተካከለለት ምናልባት ቀና ብሎ ያየኛል አልኩ።»

ሎሬይን ልትነግረው አፏን ከፈተችና ተወችው። የሰው ምስጢር ነው፤ ባለቤቱ ይናገረው። አንድ ቋሊማ በልታ ሄደች።

ቪንስ ጋሊያ የቢንዳሪ ብቸኛው ባትላሜራ ነው። የማይጠግነው መኪና የለም፤ በራሱ አፍ ከሆነ ደግሞ አንዴ ባቡር አቃንቷል። ጉዳዩን ስትነግረው እንደ ተሰደበ ሰው ተነሳ።

«ሰኞ የእኔ ሥራ ነው! ማን ቀደመኝ?»

«አንተ እንዳትሆን እንጂ።»

«እኔ ትናንት ማታ የዕጣ ቁጥር እየጠራሁ ነበር። ድምፄ ዘግቷል፣ አትሰሚም?» ቁጭ አለና ጣቱን አነሳ። «ስሚ። ጭረት ሁለት ዓይነት ነው። ጥፍርሽን ስታሳልፊበት ካልያዘሽ ቀላል ነው፤ ሚስቴ በጥርስ ሳሙና ታጠፋዋለች። ጥፍርሽን ከያዘው ግን ብረቱ ጋ ደርሷል። ስቱኮ ትሞያለሽ፣ በብርጭቆ ወረቀት ትፍቂያለሽ፣ ቀለም ትረጪያለሽ፣ እስኪደርቅ ትጠብቂያለሽ። ሽታው ደግሞ የሰፈሩን ውሻ ያስለው ነበር።»

«የክላሪ ጭረት ጥፍር ይይዛል። ሽታ ደግሞ የለም።»

«እንግዲያው ያለ ሽታ ማንም አይሠራውም!» ቪንስ ጠረጴዛውን መታ። «ገባኝ! ጭረቱ አልጠፋም፤ በሩ ነው የጠፋው። ነቅለው ወስደው ሌላ በር ገጥመውለታል!»

«ማን ነቀለ?»

«ባውቅም አልነግርሽም። እኔ አሳባቂ ነኝ እንዴ?»

ይሄ ደግሞ የቢንዳሪ ሕግ ነው። በቢንዳሪ አሳባቂ ከሌባ በታች ነው፤ ሌባ ቢያንስ ክለብ ገብቶ ቢራ ይጠጣል። አሳባቂ ግን ወደ ራሱ ቀብር እንኳ አይጠራም። ሎሬይን እዚያ አድጋለች፤ ስለዚህ ሰው መጠየቋን ትታ በሩን ልትጠይቅ ተመለሰች።

ባትሪ አብርታ የበሩን ማጠፊያ አየች። ብሎኖቹ ላይ የተጋገረው ቀይ አቧራ ከእሷ ዕድሜ ይበልጣል፤ መፍቻ አልነካቸውም። የቪንስ ሐሳብ እዚያው ሞተ። በሩ ያው በር ነው።

ልትነሳ ስትል ጉንዳኖቹን አየች። ተመልሰዋል፤ በዝተዋልም። ግን እንደ ጠዋቱ ወዲያ ወዲህ አይሉም። እንደ ሰልፈኛ ወታደር አግድም ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። አንዱ ረድፍ ከጉልበቷ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሌላው ከእሱ በላይ፣ ሌላው ከዚያም በላይ። ከአንደኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ጉንዳኖቹ ተጠማዝዘው አንዲት ትንሽ ቅርፅ ሠርተዋል። ጭንቅላት፣ ሆድ፣ ጅራት።

ሎሬይን ዓሣዋን አልነካችም። ከሌላኛው ረድፍ ላይ በጥፍሯ ጫፍ ቀስ ብላ ፋቀች። ጥፍሯ ውስጥ ሰማያዊ ነገር ገባ። አሸተተችው። ሰም አለበት። ከሰሙ ሥር ግን ሌላ ሽታ ነበረ፤ እሱ አፍንጫዋ ሲደርስ መጋዘኑ ጠፋ፣ ሥራዋ ጠፋ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሆነች። ድንኳን ደጃፍ ላይ ከኤልሲ ጋር ተቀምጣ፣ የበግ ሞራ የተቀባ ትኩስ ዳቦ ከላዩ ጨው ተነስንሶበት ትገምጣለች።

«ምን አገኘሽ?» አሉ ክላሪ ከባልዲያቸው ላይ።

ጉንዳኖቹ የሚከተሉት ጭረቶቹ የተደፈኑበትን ሞራ ነው፤ ከሥሩ ጭረቱ ሙሉ ይሁን ተጎድቶ ይሁን ግን አታውቅም። ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ደግሞ ከስርቆት ይከፋል።

«ጉንዳን» አለቻቸው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ እመለሳለሁ። ዳርሲን እስክመለስ እንዳያባርሩት።»

ያን ዳቦ በሞራ ይቀቡላቸው የነበሩት ዶት ፌርሊ የሸላቾቹ ወጥ ሠሪ ነበሩ። አርባ ሸላች በአንድ ድስት ያጠግቡ እንደነበር ይወራል፤ ድስቱ በጎርፉ ጊዜ አራት ሰው አሳፍሮ ተሻግሯል የሚሉም አሉ። አሁን ከክላሪ ቤት አጥር ለአጥር ይኖራሉ። ገመዳቸው ላይ የተሰጣው አንሶላ ከንጣቱ የተነሳ ዓይን ይወጋል።

«ሎሪ! የኔ ልጅ፣ ከሳሽ። ግቢ፣ ሻይ ላፍላ።»

ዶት ሻዩን የቀዱት በግራ እጃቸው ነው። ቀኝ እጃቸው የምድጃ ጓንት ለብሷል።

«እጅዎን ምን ሆኑ፣ አክስቴ ዶት?»

«ተቃጠልኩ። እርጅና ነው።»

«ትናንት ክለብ ነበሩ?»

«መቼ ከስጋ ዕጣ ቀርቼ አውቃለሁ?»

«ድንቅ ምሽት ነበር አሉ። ቁጥሩን ማን ጠራ?»

«ያ... እንደ ሁልጊዜው ነዋ፣ የክለቡ ሊቀ መንበር። ደግ ሰው።»

ሎሬይን ሻይዋን ጠጣች። ቁጥሩን ሲጠራ ያመሸው ቪንስ ነው፤ ድምፁ እስኪዘጋ። ከክለቡ በር ውጪ የቆመ ሰው እንኳ ይሰማው ነበር።

«አክስቴ ዶት፣ የልጅነቴ ነገር አማረኝ። ዳቦ በሞራ።»

የዶት ፊት ተለወጠ። «አልቋል።»

«ምድጃው ላይ ያለው ጣሳስ?»

ሎሬይን ተነስታ ጣሳውን አዘነበለችው። ሞራው ሰማያዊ ነው። ነጭ ልብስ ሲታጠብ ውሃው ላይ ጠብ የምትደረገው ዓይነት ሰማያዊ። ዶት ቀስ ብለው ጓንቱን አወለቁ። ጣቶቻቸው እስከ አንጓው ሰማይ ነክሷቸዋል።

«ሦስት ጊዜ በሎሚ አሸሁት» አሉ። «አይለቅም። እሰሪኝ።»

«ለምን?»

«አልናገርም።»

«አክስቴ ዶት።»

«አልኩሽ እኮ! ሌላ ሰው አለበት። በዚህ ዕድሜዬ አሳባቂ ልሁን?»

ሎሬይን ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። «የሰኞው ነገር ከሆነ ማንም ላይ አያሳብቁም። ዳርሲ ራሱ ነግሮኛል።»

አሮጊቷ ወንበራቸው ላይ እንደ ቦርሳ ዘጭ አሉ። «ራሱ? ተመስገን! ሐሙስ ዕለት ሰማሁ፤ እንቅልፍ ነሳኝ። ልጁ በፍቅር ብሎ አባቱን ሊገድለው ነው። ለክላሪ ብነግረው ልጁ ላይ ማሳበቅ ነው። ለዳርሲ እንዳልነግረው ደግሞ የኤልሲን ስም ልጁ ፊት ላላነሳ ለክላሪ ምዬለታለሁ፤ ልጁ የተወለደ ዕለት። በሁለት ወገን አፌ ታሰረ። እጄ ግን አልታሰረም።»

«ስለዚህ ደፈኑት።»

«ሰም፣ ሞራ፣ ትንሽ ሰማያዊ። ቀለሙን እንዴት አገኘሽው? ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነው! ሁሉም ክለብ ሲገባ በአጥሩ ሾልኬ ገባሁ። ዳርሲ ሰኞ ሲመጣ ጭረት ካላየ ምን ያስቀባል? አጥቦ ይመልሳታል። ማታ ለክላሪ በጆሮው ሹክ እለውና በሙቅ ጨርቅ እጠርግለታለሁ ብዬ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ፖሊስ ይጠራል ብዬ እንዴት ልገምት? ያ ሰውዬ ለእባብ እንኳ ፖሊስ አልጠራም!»

«ጠዋት አጎቴ ክላሪ ሲጮሁ ሰምተው ለምን አልወጡም?»

ዶት ሰማያዊ ጣቶቻቸውን አዩ። «ወጣሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ሲያለቅስ አየሁት። ክላሪን ሲያለቅስ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እግሬ አልሄድ አለኝ።»

ሎሬይን እጃቸውን ያዘች። «ከሥሩ አልጎዱትም?»

«እኔ? የኤልሲን ዓሣ? በላባ ነው የቀባሁት።»

ሎሬይንና ዶት ክላሪ ግቢ የደረሱት ፀሐይ ገና ከፍ እንዳለች ነው። ዳርሲ ሻንጣውን ሸክፎ ግቢው መሃል ቆሟል፤ አባቱ ጀርባቸውን ሰጥተውታል።

«አልሠራሁትም አልኩ» ይላል።

«ከቤቴ ውጣ አልኩ» ይላሉ ሽማግሌው።

«ዝም በሉ ሁለታችሁም» አለች ሎሬይን። «ዳርሲ፣ ሻንጣውን ጣልና ግፋ።»

«ምኑን?»

«መኪናዋን። ወደ ፀሐይ።»

ሆልደኗ ከመጋዘኑ እያቃሰተች ወጣች። ግራ ጎኗን ለፀሐይ ሰጥተው አቆሟት። ያ ቢንዳሪ ነው፤ በጥር ወር ብረት ላይ እጁን ያሳረፈ ቆዳውን ትቶ ይሄዳል። ቆመው ጠበቁ። ክላሪ አብደውብኛል ብለው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ።

በዚያው ቀረ አፋቸው።

መጀመሪያ አንዲት ሰማያዊ ጠብታ ከበሩ መሃል ወረደች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ በሩ ሁሉ ማልቀስ ጀመረ። ሰማያዊው ስብ በጎነ በጎኑ እየቀለጠ ሲወርድ፣ ከኋላው ጭረቶቹ አንድ ባንድ ብቅ አሉ። ጨረቃ። መሰላል። የወፍ እግር። ከወፍ እግሯ በአንድ ጣት ከፍ ብላ፣ ዓሣ።

ክላሪ ጣታቸው ይቃጠል አይቃጠል ግድ ሳይሰጣቸው ነኳት። ጥፍራቸው ጭረቱ ውስጥ ገባና ያዘ።

«እንደምን ዋልሽ» አሉ።

ዶት እጃቸውን ከኋላቸው ደብቀው፣ «እኔ ነኝ፣ ክላሪ» አሉ። «ለምን እንደሆነ ግን አትጠይቀኝ።»

«እኔ ልንገርህ» አለ ዳርሲ። ስለ ሰኞው፣ ስለ ቪንስ፣ ስለ ስጦታው ሁሉንም ተናገረ። በመጨረሻ በሩን አየና፣ «ምንድን ናቸው ግን? ዓሣው የማን ነው?» አለ።

ሎሬይን መሬት መሬት አየች።

«የኤልሲ» አሉ ክላሪ። ስሙ ከአፋቸው ሲወጣ እንደ ዛገ በር ተንቋረረ። «የእህትህ። ቁመቷ ነው። እዚህ ጋ ነበረች... እዚህ ጋ ቀረች።»

ዳርሲ ጎንበስ ብሎ ዓሣዋን አየ። «ደባብሰህ ስታለቅስ... ለቀለሙ መስሎኝ ነበር፣ አባዬ።»

«ለቀለም የሚያለቅስ ቂል ወለደህ?»

«ምን ላውቅ? አትናገርም!» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የእኔ የታለ?» አለ።

ክላሪ ከጎርፉ በኋላ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት፤ ለጭረት ዳግመኛ አላወጡትም። ሁለተኛው ልጃቸው አድጎ ከዓሣዋ ማለፉ ያስፈራቸው ነበር። አሁን እጃቸው ራሱ ወደ ኪስ ሄደ።

«ና ቁም።»

«አባዬ፣ የሠላሳ ዓመት ሰው ነኝ።»

«ና ቁም አልኩህ!»

ዳርሲ ሄዶ በሩን ተደገፈ። ራሱ ከመኪናዋ ጣሪያ በላይ ወጥቶ ሰማይ ላይ ቀረ። ክላሪ ቁልፉን ይዘው ወደ ላይ አንጋጠጡ፤ የሚጭሩበት ብረት የለም። ዶት ሳቅ አመለጣቸው። ሎሬይንም። ዳርሲ አንድ ጊዜ አባቱን፣ አንድ ጊዜ ዓሣዋን አየና እዚያው ቀይ አቧራው ላይ ተንበረከከ።

«ምልክትህ ምን ይሁን?» አሉ ሽማግሌው።

«ቋሊማ ያድርጉለት» አለች ሎሬይን።

ክላሪ መዳፋቸውን ልጃቸው አናት ላይ አሳረፉ። ፀጉሩ በላብ ረጥቧል። ትንሽ ቆዩበት። ከዚያ ተጠራጥረው ጎንበስ ብለው አዩት፤ ጎልማሳው ዳርሲ ከእህቱ በአንድ ጣት ሊበልጥ እየተንጠራራ ነው።

«ጉልበት መሬት!» አሉ ክላሪ፣ እና ጫሩ።